የአሮጌ ትራንዚስተር ጠባሳ

የአገራችን የሬዲዮ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከአንድ ወገን ነው። ጣቢያው መቼ ተቋቋመ? ማን መርቆ ከፈተው? ማሰራጫው ስንት ኪሎዋት ነበረ? በስንት ቋንቋ ይናገር ነበር? ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም፤ መልሳቸውም በየመዝገቡ ይገኛል። ዳሩ ግን ሬዲዮ ማለት ተናጋሪ ብቻ ነው እንዴ? ተናጋሪ ካለ ሰሚ አለ። ሰሚውስ በምን ሰማ? የት ተቀምጦ፣ ከማን ጋር ሆኖ፣ ከማን ተደብቆ ሰማ? ድንጋዩ ሲያልቅበትስ ምን ዘዴ ፈጠረ? ወደዚህኛው ወገን ስንዞር ወረቀቱ ይሳሳል። የሚቀረን ምስክር ዕቃው ራሱ ነው፤ ያ ማንገቻው የተበጠሰ፣ አንቴናው የተሰበረ፣ ጀርባው በክር የታሰረ አሮጌ ትራንዚስተር።

በዚህ ጽሑፍ የምሞግተው ይህንኑ ነው። አሮጌ ትራንዚስተር የሳሎን ጌጥ ወይም የቁርጥራጭ ብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአድማጩ የታሪክ ሰነድ ነው። ሰነድ ከሆነ ደግሞ አሰባሰቡም አጠጋገኑም እንደ ሰነድ ሊሆን ይገባል። ምሳሌዬን የምወስደው ከምዕራብ አዲስ አበባ፣ ከኮልፌ ቀራኒዮ ነው። ለምን ኮልፌ ብትሉ ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮልፌ የመርካቶ ጎረቤት ናት፤ አሮጌ ዕቃ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ምናለሽ ተራ ሲሄድ በደጇ ያልፋል። አጠና ተራዋ ደግሞ ለቤት ማገርና ለአጥር ብቻ ሳይሆን ለአንቴና መስቀያም የሚሆነውን የባሕር ዛፍ እንጨት የሚሸጥባት ናት። ረጅም አጠና ተክሎ፣ ጫፉ ላይ ሽቦ አስሮ ሩቅ ጣቢያ መሳብን የአዲስ አበባ ሰው ከማንም መጽሐፍ አልተማረውም።

(ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ እኛ አቈጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁን ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።)

ሀ/ ከነጋሪት ወደ ትራንዚስተር

ሬዲዮ ከመምጣቱ በፊት የመንግሥት ቃል ሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው በአዋጅ ነጋሪ ነበር። ገበያው በደራበት ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጁ ይነገራል፤ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይባላል። ልብ በሉ፤ በዚህ አባባል ውስጥ ሰሚው ዝም ብሎ ጆሮውን የሚያቀርብ ፍጡር አይደለም። ሥራ አለው። የሰማውን ይዞ ሄዶ ላልሰማው ማድረስ አለበት። ስለ ትራንዚስተር አድማጭ ስንናገር ይህች ቃል ታስፈልገናለችና እንያዛት።

የአቃቂው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ጀመረ። የኢጣሊያ ጦር በደጅ በነበረበት በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮ ለዓለም ሕዝብ ተናገሩ። ጠላት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የኢትዮጵያ ድምፅ ተቋረጠ፤ ከነፃነት በኋላ እንደገና ቀጠለ። ይህ የተናጋሪው ታሪክ ነው። ሰሚውስ? በዚያን ዘመን የነበረው መቀበያ በውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ቫልቮች የተሰለፉበት ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነበር። የግድግዳ መብራት ወይም ከባድ ባትሪ ይፈልጋል፤ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ሬዲዮ በባለሥልጣንና በነጋዴ ቤት፣ በሆቴልና በቡና ቤት፣ ቢበዛ በአደባባይ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ነገር ሆነ። ሰው የሚሰማው ባለ ሣጥኑ ሲከፍት ነው፤ የሚያቆመውም ባለ ሣጥኑ ሲዘጋ ነው። መርፌዋን የሚያዞራት እጅ የሌላ ሰው እጅ ነበረች።

ይህን የለወጠው ምስር የምታህል ነገር ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1947 በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት ጆን ባርዲን፣ ዋልተር ብራቴንና ዊልያም ሾክሊ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ፤ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የቫልቭን ሥራ ያለ ሙቀትና ያለ ብዙ ጉልበት የምትሠራ ይህች ነገር በ1954 በኪስ ሬዲዮ ገባች፤ ሪጄንሲ ቲአር-1 የተባለው ባለ 4 ትራንዚስተር ሬዲዮ በ49.95 ዶላር ለገበያ ቀረበ። በማግስቱ ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ ቲአር-55ን አወጣ፤ ይኸው ኩባንያ በ1958 ስሙን ሶኒ ብሎ ለወጠ። ከዚያ በኋላ ናሽናል፣ ሳንዮ፣ ቶሺባ፣ ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ እያለ ዓለሙን አጥለቀለቀው።

አብዛኛው ሕዝቧ የኤሌክትሪክ መብራት ላላየች አገር ይህ ምን ማለት ነው? ለአሜሪካው ወጣት ትራንዚስተር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሬዲዮ ነበር፤ የቤቱን ትቶ በኪሱ የሚይዘው። ለእኛ ገበሬ፣ ለእኛ ሸማኔ፣ ለእኛ ሊስትሮ ግን የመጀመሪያው ነው። ሕዝባችን የዕቃውን ስም እንኳ ከውስጧ ምስር ወስዶ ሣጥኑን በሙሉ «ትራንዚስተር» አለው። ዋናው ነገር እሷ መሆኗን ያወቀ ይመስላል።

ለ/ መርፌዋን ማን ያዞራል?

የሁለት ቀናት ልዩነት ነገሩን ያስረዳል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ወገኖች ሬዲዮ ጣቢያውን ያዙ፤ አልጋ ወራሹ በሬዲዮ መግለጫ አነበቡ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። የንጉሡ ወገን ደግሞ የፓትርያርኩን ግዝት በወረቀት አትሞ ከአውሮፕላን በተነ። አስቡት፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ሬዲዮና በራሪ ወረቀት እኩል ይፎካከራሉ! ትራንዚስተር ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ ጣቢያ መያዝ ማለት የሕዝብን ጆሮ መያዝ አልነበረም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን መውረዳቸው ሲነገር ግን ጆሮው ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 15 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ የተረሸኑት ባለሥልጣኖች ስም በሬዲዮ ሲነበብ የሰማ ትውልድ ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አይረሳውም። በእነዚህ ዐሥራ ሦስት ዓመታት መካከል የገባው ነገር ትራንዚስተር ነው።

መካከሉንም አንርሳ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ስታዲየም መግባት ያልቻለው ሕዝብ ኳሷን ያያት በሰሎሞን ተሰማ ድምፅ ነው። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ተመርቆ ተከፈተ፤ እስከ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ድረስ ቆይቶ በመንግሥት ተወረሰ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቱን በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀመረ፤ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1982 ተከተለ። አድማጩ አሁን የሚመርጠው አገኘ። መርፌዋን የሚያዞራት የገዛ ጣቱ ሆነች።

ምርጫ ባለበት ደግሞ ፍርሃት ይከተላል። በደርግ ዘመን የተከለከለ ጣቢያ ማዳመጥ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ይህን ከወላጆቻችን አፍ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። መስኮት ይዘጋል፤ ድምፁ ይቀነሳል፤ ጆሮ ከሣጥኑ ይለጠፋል፤ አንዳንዱም ብርድ ልብስ ይከናነባል። የኤርትራው ድምፂ ሓፋሽ እ.ኤ.አ. ከጥር 1979 ጀምሮ፣ ድምፂ ወያነ ደግሞ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከበረሃ ይናገሩ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ መርፌዋን ወደ አገር ቤቱ ጣቢያ መልሶ ማጥፋትም የጥንቃቄው አንድ ክፍል ነበር ይላሉ። ለምን? ነገ ጠዋት እንግዳ መጥቶ ሲከፍታት ሌላ ነገር እንዳትናገር ነዋ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በዚያን ዘመን ግን ትራንዚስተሩም ለባለቤቱ ባዳ ሊሆን ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በፍርሃት ብቻ አልነበረም። ያው ሣጥን ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱንና መንገደኛውን በአንድነት አስቀምጧል። ፊደል ያልቈጠረች እናት ጉዱ ካሣን ያወቀችው በትራንዚስተር ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ይህን ደጋግመን ልናስብበት ይገባል፤ ለብዙ ሰው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት ድምፅ ነበረ። በግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው መሄዳቸውን ሬዲዮ ሲናገር ደግሞ የሰማ ላልሰማ ለማሰማት ምን ያህል እንደሮጠ የዚያን ቀን ሰዎች ይመስክሩ። የነጋሪት ዘመን ግዴታ አልሞተም ነበር።

ሐ/ የድንጋይ ነገር

የትራንዚስተር ነፃነት አንድ ገመድ አለው፤ እሱም ድንጋይ ነው። ባትሪ ድንጋይ። በአማርኛችን ለዚያች ክብ ዕቃ «ድንጋይ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ስታልቅ እውነትም ድንጋይ ናት። ዜና ሰዓት ሲደርስ ድምፁ እየሰለለ፣ እየራቀ ይሄዳል። ያኔ ሕዝባዊ ሳይንሱ ይጀምራል። ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በጥርስ ይነከሳል። በድንጋይ ላይ ድንጋይ ይቀጠቀጣል። በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ከጠፋ ትልልቁ በካርቶን ተጠቅልሎ በውጭ ይታሰርና በሁለት ሽቦ ወደ ውስጥ ይገናኛል። ይህን ሲያዩ የሚስቁ አሉ፤ አይሳቅም። ፀሐዩ የኬሚካሉን ሥራ ያፋጥነዋል፤ መቀጥቀጡም ውስጡ የደረቀውንና የተራራቀውን ያቀራርበዋል። ለአንድ ዜና የሚበቃ ጉልበት ይገኛል። ለአንድ ዜና ከበቃስ ሌላ ምን ይፈለጋል?

የድንጋይን ክብደት ከተረዱት ጸሐፊዎች አንዱ ፍራንዝ ፋኖን ነው። ስለ አልጄሪያ ትግል እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ለሬዲዮ ሰጥቷል። እንደ እሱ አተራረክ የአልጄሪያ ቤተሰብ ሬዲዮን የቅኝ ገዢው መሣሪያ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አርቆት ኖሯል። በ1956 መጨረሻ የታጋዮቹ ጣቢያ መናገር ሲጀምር ግን በሃያ ቀን ባልሞላ ጊዜ በአገሪቱ የነበረው መቀበያ ሁሉ ተሸጦ አለቀ። መንደሩ መብራት ስላልነበረው የተፈለገው በድንጋይ የሚሠራው ነበር። ፈረንሳዮቹ ነገሩ ሲገባቸው ምን አደረጉ? ጣቢያውን ማወክ ብቻ አይደለም፤ በድንጋይ የሚሠራውን ሬዲዮ መሸጥ ከለከሉ፤ መለወጫ ድንጋዩንም ከገበያ አነሡ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የጦር ሠራዊት ያለው መንግሥት በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለች የባትሪ ድንጋይ ፈራ።

ከኮልፌም ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር በጄኔራል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ሥር ወታደራዊ ትምህርት ተምሯል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህን ያህሉን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከዛሬው ርእሳችን ጋር ይገናኛል። ማንዴላ ወደ አገሩ ተመልሶ ታሰረ፤ ድርጅቱ «ሬዲዮ ፍሪደም» የተባለ ድምፁን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1963 በድብቅ በደቡብ አፍሪካ ጀመረ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ድምፁ በአጭር ሞገድ ከተሰራጨባቸው የአፍሪካ ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት። በደቡብ አፍሪካ ይህን ድምፅ ማዳመጥ የሚያሳስር ነበረ። የዘረኛው መንግሥት ዘዴም ረቂቅ ነው፤ ለጥቁሩ ሕዝብ በኤፍ ኤም የሚሰማ ጣቢያ አዘጋጅቶ አጭር ሞገድ የሌለው ርካሽ መቀበያ እንዲስፋፋ ገፋፋ። ሰውን «አትስማ» ከማለት ይልቅ መስማት የማይችል ዕቃ ሰጠው። በኮልፌ ሜዳ የሠለጠነው ሰው ድርጅት ግን ከአዲስ አበባ እየተናገረ በሶዌቶ ጓዳ በአሮጌ ትራንዚስተር ይሰማ ነበር። ታዲያ የዚያ ታሪክ ሰነዱ የትኛው ነው? የጣቢያው መዝገብ ብቻ ነው? ወይስ ያቺ በጓዳ የተደበቀች ሣጥንም ጭምር?

መ/ ቆራሌው የሚያልፍበት መንገድ

ወደ እኛው ሠፈር እንመለስ። የአሮጌ ትራንዚስተር ሰብሳቢ በሌላው ዓለም ባለ ገንዘብ ሰው ነው፤ በመስታወት ሣጥን ይደረድራል፤ ሪጄንሲ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። በእኛ አገር ዋናው ሰብሳቢ ማን ነው ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ቆራሌው። ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቆራሌው!» እያለ በየሠፈሩ ያልፋል፤ ስሙም «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። ባዶ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የሞተ ሬዲዮ፣ ሁሉም በእሱ ሚዛን አንድ ነው። ከእሱ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። በምናለሽ ተራ የሚጠፋ ነገር የለም፤ አሮጌው ሁሉ ተፈትቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተለያይቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ለድኻ ከተማ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይችልም።

ለታሪክ ግን አደጋ ነው። ምክንያቱም ትራንዚስተሩ በምናለሽ ተራ ሲፈታ መዳቡ ለመዳብ፣ ድምፅ ማጉያው ለማግኔት፣ ፕላስቲኩ ለማቅለጫ ይሄዳል። የቀረውና ዋጋ የማይወጣለት ነገር የማን እንደነበረና የት እንደተሰማ ነው። ዕቃው ከቤት የሚወጣበትም ጊዜ አለው፤ አያት ሲሞቱ፣ ቤት ሲታደስ፣ ሠፈር ሲነሣ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን የመሰለ አሮጌ ሠፈር ሲፈርስ እንዳየነው፣ ቤተሰብ በችኮላ ጓዙን ሲጠቀልል መጀመሪያ የሚጥለው የማይሠራውን ዕቃ ነው። ኮልፌም ውስጥ አሮጌ ቤቶች በአዲስ ሕንፃ እየተተኩ ነው። በቁም ሣጥን አናት ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ የነበረው ትራንዚስተር ዳንቴሉ ወደ አዲሱ ቤት ሲሄድ እሱ ወደ ቆራሌው ማዳበሪያ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ብዙዎቹ የተጣሉት ሞተው አይደለም። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ከጀመረ፣ ሸገር 102.1ም በ2000 ዓ.ም. ከተከተለ በኋላ የከተማው ጆሮ ወደ ኤፍ ኤም ዞረ። መካከለኛና አጭር ሞገድ ብቻ ያላት ትራንዚስተር ምንም ሳይጎድልባት ዲዳ ተባለች። የኤፍ ኤም መስመር ያላቸው የቀድሞ የአውሮፓ ሬዲዮዎችም አንዳንዶቹ ቁጥራቸው 100 ላይ፣ ሌሎቹ 104 ላይ ያልቃል፤ 100 ላይ የሚያልቀው 102.1ን ከየት ያምጣ? የጃፓን ለአገሯ ገበያ የሠራችው ደግሞ ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው። እንግዲህ «አይሠራም» የተባለ ሬዲዮ ሁሉ አልተበላሸም፤ የሚያናግረው አጥቶ ነው።

ሠ/ ጥገናው

በኮልፌና በመርካቶ ጠባብ ሱቆች ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተርና መበየጃ ይዘው የተቀመጡት ሬዲዮ ጠጋኞች የዚህ ታሪክ ያልተጻፈላቸው ሊቃውንት ናቸው። ሥራቸውን ለመረዳት ለሚፈልግ ጓደኛ ዋና ዋናውን በአጭሩ እነሆ።

አንደኛ፣ የድንጋዩ ቤት ይታያል። ተረስቶ የቀረ ድንጋይ ይፈስና መገናኛ ብረቱን ይበላዋል። የቀድሞው ተራ ድንጋይ ፈሳሹ የአሲድ ጠባይ አለው፤ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ይጠረጋል። አልካላይን የሚባለው ግን ተቃራኒው ስለሆነ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ነው የሚጸዳው። ሁለተኛ፣ አዲስ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይጣራል፤ ተገልብጦ የገባ ድንጋይ የጀርማኒየም ትራንዚስተርን በቅጽበት ሊገድል ይችላል። በእነዚያ በቀድሞዎቹ ሬዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ የጋራው መስመር ፖዘቲቩ ስለሆነ በዛሬው ሬዲዮ የለመደ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ሦስተኛ፣ ኮንደንሰሮቹ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል፤ ያኔ ድምፁ ይሰልላል ወይም ሬዲዮው እንደ ሞተር ጀልባ «ቱክ ቱክ» ማለት ይጀምራል። እነሱን መለወጥ ብቻ ብዙውን ሬዲዮ ያስነሣዋል። አራተኛ፣ ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኳኳው ከአቧራ ነው፤ ይጠረጋል። አምስተኛ፣ የድምፅ ማጉያው ወረቀት ከተቀደደ በሥሥ ወረቀትና በማጣበቂያ ይለጠፋል። ስድስተኛ፣ መካከለኛ ሞገድ የሚስበው ጥቁር የፌራይት ዘንግ ሬዲዮው ሲወድቅ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ስብራቱ በጥንቃቄ ተገጣጥሞ ሲጣበቅ መልሶ ይሠራል።

ከሁሉ የሚገርመው የፊሊፕስ ወገን የሆኑት ከኤኤፍ 114 እስከ ኤኤፍ 117 የሚባሉት ትራንዚስተሮች በሽታ ነው። በቆርቆሮ ቆባቸው ውስጥ ከዓመታት በኋላ ከፀጉር የቀጠነ የቆርቆሮ ጭረት በራሱ ያድጋል፤ አድጎም ውስጡን ከቆቡ ጋር ያገናኘዋል። ሬዲዮው ዝም ይላል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ከአራቱ እግሮች መካከል ከቆቡ ጋር የተያያዘችውን አንዷን መቍረጥ። ዕቃው ማንም ሳይነካው በመደርደሪያ ላይ ሆኖ ያረጃል ማለት ነው፤ ስለዚህ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን መጠበቅ አይደለም።

ረ/ ማደስ ወይስ ማቆየት?

ዋናው ክርክር እዚህ ላይ ይመጣል። በውጭው ዓለም ስለ አሮጌ ሬዲዮ እድሳት የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ማድረግ ነው። ጭረቱ ይሞረዳል፤ ፕላስቲኩ ይወለወላል፤ የጎደለው ቍልፍ በዋናው ይተካል። የጃፓንን ወይም የሆላንድን ፋብሪካ ታሪክ ለሚያጠና ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የፋብሪካው ታሪክ የእኛ ታሪክ አይደለም። የእኛ ታሪክ የሚጀምረው ሬዲዮው ከካርቶኑ ከወጣ በኋላ ነው።

አንድ አሮጌ ትራንዚስተር አንሥታችሁ እዩት። የፋብሪካው ቍልፍ ጠፍቶ ከእንጨት ተጠርቦ ተተክቷል። አንቴናው የጃንጥላ ሽቦ ነው። የቆዳ ልብሱ በጫማ ሠሪ ክር ተሰፍቷል። የጃፓን ሣጥን ውስጥ ከሌላ ሬዲዮ የተወሰደ የአውሮፓ ድምፅ ማጉያ ተገጥሟል። ከጀርባው በኩል ለውጭ ድንጋይ መግቢያ ቀዳዳ ተበስቷል። በመርፌዋ መስታወት ላይ ደግሞ የሚወደድ ጣቢያ ያለበት ቦታ በምስማር ወይም በእስክሪብቶ ተሰምሮበት ይሆናል። ለአዳሹ እነዚህ ሁሉ ጉድለቶች ናቸው። ለታሪክ ተማሪ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ቀዳዳው ድንጋይ የጠፋበትን ጊዜ ይናገራል። የተዳቀለው ድምፅ ማጉያ መለዋወጫ ከውጭ የማይገባበትን ዘመንና የጠጋኙን ብልኀት ይናገራል። ያቺ ትንሽ መስመር ደግሞ ባለቤቱ ሌሊት ማንን ይሰማ እንደነበረ ትናገራለች፤ ምናልባት በሕይወቱ ሳለ ለማንም ያልተናገረውን። እርሷን ወልውሎ ማጥፋት ደብዳቤ ማቃጠል ነው።

በሌላ በኩል «ምንም አትንኩት» ማለትም አያዋጣም። የማይናገር ሬዲዮ ግማሽ ሰነድ ነው። ድምፁ የሻከረ፣ የሚሄድ የሚመጣ፣ ማታ ማታ ሩቅ አገር የሚስብ መሆኑን ጆሮ ካልሰማ የአድማጩን ትዕግሥት መረዳት አይቻልም። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን በታችኛው የከባቢ አየር ንብርብር ይዋጣል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይጠፋና ሞገዱ ከላይኛው ተንጸባርቆ ሩቅ ይደርሳል። በመካከለኛ ሞገድ ሩቅ ጣቢያ የሚሰማው በጨለማ የሆነው ስለዚህ ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ ከሚደበቀው አድማጭ ጋር የተስማማች ይመስላል። ይህ በመስታወት ውስጥ በተቀመጠ ዲዳ ሣጥን አይገባም።

ስለዚህ የእኔ አሳብ መካከለኛው መንገድ ነው። ውስጡ ይጠገን፤ ውጩ ይቆይ። የደረቀው ኮንደንሰር ይለወጥ፤ የወጣው አሮጌው ግን በትንሽ ከረጢት ታስሮ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። አቧራው ይጠረግ፤ ጭረቱ አይሞረድ። የእንጨቱ ቍልፍ በፋብሪካ ቍልፍ አይተካ። የሚደረገው ሁሉ ነገ ሊመለስ የሚችል ይሁን። ሬዲዮው ይናገር፤ ግን በገዛ ጠባሳው ይናገር።

ሰ/ እኛስ?

«ይህ የሙዚየም ሥራ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። መልሱ ከራሳችን ግቢ ታሪክ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የባህል ጥናት ማኅበር አቋቁመው በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየአገራቸው እየሄዱ የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የእርሻውን ወግ ጽፈው ይመለሱ ነበር፤ መጽሔታቸውንም አሳትመዋል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም የተማሪው ትጋት ቀድሞ መንገድ ጠርጎለት ነበር። እነሱ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ እርሳስና ደብተር ነበራቸው።

እኛም የሚያስፈልገን ከዚያ ብዙ አይበልጥም። በዚህ ክረምት ወደ ቤት ስንመለስ በቁም ሣጥን አናት ላይ፣ በአልጋ ሥር፣ በጎተራ ጥግ እንይ። ትራንዚስተር ካገኘን ከመክፈታችን በፊት እንጠይቅ፦ ማን ገዛው? በስንት ብርና ከየት? መጀመሪያ የሰማችሁበት ቀን ትዝ ይላችኋል? ማታ ማታ ማን ማን ይመጣ ነበር? የትኛው ጣቢያ ይፈራ፣ የትኛው ይወደድ ነበር? ማን ጠገነው? መልሱን በአንድ ወረቀት ጽፈን በድንጋዩ ቤት እናስቀምጠው፤ ድንጋዩ አሁን የለም፣ ቦታው ክፍት ነው። ስለ ፍርሃት ዘመን የሚናገር ካለ ስሙን እንዳንጽፍ ከጠየቀን አንጽፍ፤ ድሮ የተደበቀው በቂ ነው። ከዚያም ወደ ኮልፌው ጠጋኝ እንውሰደው፤ እሱንም አጠገቡ ተቀምጠን እንጠይቀው፤ እጁ የሚያውቀውን አፉ እንዲነግረን።

መቸኰል ግን አለብን። ቆራሌው በየቀኑ ያልፋል፤ እሱ ጥፋት የለበትም፤ የሰጡትን ነው የሚወስደው። ወላጆቻችን የሰሙትን እኛ አልሰማንም፤ ነጋሪቱ ደግሞ የሚለው ያው ነው፣ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ። የሰሙት እያለፉ ነው። የሰሙበት ሣጥን ገና አለ።